እርጥብ አሸዋ ላይ

የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ ከትምህርት ቤት ያስወጣችኝ አክስቴ ዘሃራ ናት። ካርቱም ውስጥ ዛሬም ውሃ የተረጨ አሸዋ ሲሸተኝ ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ መምህራችን እርጥብ አሸዋ ላይ ጣቴን ይዘው ስሜን አጻፉኝ። እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ልጀምር ስል እጄን ወደ ግራ መለሱት።

"ራህማ፤ ይህ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ልጆቹ እንዳይረግጡኝ በዳር በዳር ዞረው አለፉ።

አክስቴ መጥታ፣ "ያላ፣ ተነሺ! ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ሳህን ለምታጥብ ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል?" ብላ በላዬ ተራመደች።

"ልጅቷን ውሰጃት፤ የያዘችውን ግን አትወስጂባትም" አሉ መምህሩ።

እጄን አየሁ፤ አሸዋ ብቻ ነበር።

መጻፍ ተምሬ የጨረስኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው። አክስቴ ስትሞት ለቅሶ አልሄድኩም።