ጅራፍ ያልጮኸበት ቅዳሜ

እዚህ አሶሳ «ግድብ» ብሎ ወሬ መጀመር ጣጣ አለው። ሰሚው ወዲያው የሚያስበው ያንን ትልቁን የዓባይ ግድብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድብ እንደምሄድ ለእናቴ በስልክ ስነግራት «በየሳምንቱ እንዴት ያስገቡሻል?» ብላኛለች። የእኛዋ ግድብ ግን ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ የመስኖ ግድብ ናት። ከአንዱ ዳር የተጣራ ሰው ከሌላው ዳር «አቤት» ይባላል። አጥር የላትም፣ በር የላትም። ያላት ውኃ፣ ዳር ዳሩን የሚበቅል ፊላና ወፍ ነው።

እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ተመድቤ ስመጣ እዚህ ማንንም አላውቅም ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ልብስ አጥቤ ከጨረስኩ በኋላ አልመሽ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ባልደረባዬ በየሳምንቱ ወፍ ለማየት በእግሩ እንደሚወጣ ስሰማ ሳቄ መጣ።

«ወፍ ለማየት ቀና ማለት አይበቃም?» አልኩት።

«እስቲ ነይና ቀና በይ» አለኝ። እንደ ቀልድ ሄድኩ።

የያዘኝ ትልቅ ወፍ አይደለም። ውኃው ዳር ጭቃ ላይ አንዲት ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ጅራቷን እየወዘወዘች ትሮጣለች። ባልደረባዬ ከአውሮፓ መጥታ ነው አለኝ። ክረምት ሙሉ እዚህ አትታይም፤ መስከረም ላይ ትመጣለች፣ በጋውን ከርማ ትመለሳለች። መንገዱን ማን አሳያት ብዬ ጠየቅሁ። አንዳንዶቹ ገና በተፈለፈሉበት ዓመት ያለ እናት ያለ አባት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚያውቁት ደግሞ ገና ተጠንቶ እንዳላለቀ ነገረኝ። እኔ አልታወቀም የሚባል ነገር ያመኛል። የዚያን ዕለት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእሱ ቀድሜ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ቆርጦ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው፤ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ሣሩ ከሰው ይረዝማል። ከአስፋልቱ ወርደን፣ በማንጎ ዛፎቹ ሥር አልፈን፣ ግድቧን በፊላው በኩል እንዞራለን፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥተን በማሽላ ማሳዎቹ መሀል አድርገን እንመለሳለን። ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር አንድ ብቻ ስለሆነ እየተነጣጠቅን ነው የምናየው። ከሁሉ የምወደው አንድ ቀይ ወፍ አለ፤ ደረቱና ግንባሩ ጥቁር፣ ሌላው አካሉ ፍም። ላባውን ነፍቶ ድቡልቡል ይሆንና ከፊላው በላይ እየተንሳፈፈ ይኩራራል። ሴቲቱ ግን ቡናማ ናት፣ ማንም ልብ የማይላት።

«እሷን ምነው እንዲህ አደረጋት?» አልኩት።

«እንቁላሏ ላይ ስትቀመጥ እንዳትታይ ነዋ።»

«እሱስ ቢታይ ግድ የለም?»

«እሱ መታየት ነው ሥራው» አለኝ። በዚህ ተከራክረን ዳገቱን እንዴት እንደጨረስነው አላውቅም።

ዳገቱ ላይ ጠላታችን ጩኸት ነበር። በየማሳው መሀል በእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ ማማው ላይ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው አለ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ስለሚወርድበት ከንጋት እስከ ምሽት ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ወንጭፍ ይወነጨፋል። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን አንዲት ወፍ ልናይ ስናደባ ከላይ ጅራፉ ጧ ይላል፤ ያየነውም ያላየነውም ይነሣል። ባልደረባዬ በዚህ ይበግናል። እኔ በእሱ መብገን እስቃለሁ።

ከሁሉ የሚጮኸው ግድቧ አናት ላይ ያለው ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት ሴት ናቸው፤ «እትዬ» ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ ሲመጡ ልጅ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «ርቦን ነበር» ብቻ አሉኝ። አሁን ባላቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ተድረው ርቀው ሄደዋል። ያቺ ማሳ የዓመት ቀለባቸው ናት፤ እሷ ከተበላች ሌላ የሚዞሩበት የላቸውም። ይህን ሲናገሩ እንደ ማማረር አይደለም፤ ማሳውን በአገጫቸው እያሳዩ «ያው አፌ እዚህ ነው ያለ» ይላሉ። ስናልፍ ከማማው ላይ ሆነው ሰላም ይሉናል፤ አንዳንዴም ጥንቅሽ ቆርጠው ይሰጡናል። እያኘክን እንሄዳለን።

አንድ ቅዳሜ ግን ስንወጣ ዳገቱ ጸጥ ብሎ ጠበቀን። ጅራፍ የለም። ቆርቆሮ የለም። ባልደረባዬ ፊቱ በራ። ወፎቹ አልሸሹም፤ ከፊላው እየተነሡ ጭንቅላታችን ላይ አልፈው ማሽላው ውስጥ ይገባሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። መነጽሩን ሳይነጥቀኝ እንኳ በዓይኑ ብቻ እያየ ይፈነድቃል። እኔ ግን ወፏን ትቼ ማማዎቹን ነው ያየሁት። ሁሉም ባዶ ናቸው። ሠርግ ይኖር ይሆን አልኩ። ለቅሶ እንዳይሆን ብዬም ፈራሁ። ገበያ እንኳ ቢሆን ሁሉም አንድ ላይ አይሄድም፤ በእሸት ጊዜ ማማ ጥሎ የሚሄድ ገበሬ ሰምቼ አላውቅም።

«ሰዉ የት ሄደ?» አልኩ።

«ተይው እስቲ፣ ዛሬ እንኳ ደህና እንይበት» አለኝ።

መተው አልቻልኩም። ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ፤ እሱም እያጉረመረመ ተከተለኝ። ደጃፋቸው ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ሲያዩን ብድግ አሉ፤ እንደ ወትሮው በሳቅ ሳይሆን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው። ቁጭ በሉ ብለው መደቡን በእጃቸው ጠረጉልን።

«እንግዲህ አውሮፕላኑ መቸ ነው የሚመጣ?» አሉን።

ተያየን። «የምን አውሮፕላን፣ እትዬ?» አልኩ።

«የግሪሳው ነዋ! መድኃኒት የሚረጨው። እናንተ አይደላችሁም እንዴ ስታዩ የከረማችሁ?»

ቀስ በቀስ ገባኝ። ከዓመታት በፊት ግሪሳ የሚባለው እህል ጨራሽ ወፍ በበዛበት አንድ ዘመን ሰዎች እንዲህ ያለ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተው ነበር። እነሱም እንደኛ ፊላው ዳር ቆመው ወፉ የሚያድርበትን አይተው ሄዱ። ከዚያ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ መጥታ ረጨች፤ ወፉም አለቀ። ከመረጨቱ በፊት ማሳ ውስጥ ማንም እንዳይገኝ፣ ከውኃውም እንዳይቀዳ ተነግሯቸው ነበር። አሁን እኛ በየሳምንቱ ያንኑ ፊላ በመነጽር ስናይ ሰንብተናል። ሰሞኑን ቡናማ ወፍ መብዛቱን ሲያዩ ሰዎቹ ተነጋገሩ፤ መንግሥት ሰው ልኮልናል ብለው ከማማቸው ወረዱ።

«ውኃውንም ትተነዋል» አሉ እትዬ። «ከማዶ ምንጭ ነው የምንቀዳ፤ ከብቱንም ወዲያ ነው የምንነዳ። አብሽሩ፣ እኛ እንደሆነ ተዘጋጅተናል።»

ባልደረባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲጨንቀው ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚናገረው። «እንግዲህ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል በማቅረብ ረገድ...» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«እትዬ፣ ማንም አልላከንም። አውሮፕላን የለም። መምህራን ነን፤ ወፎቹን ዝም ብለን ነው የምናያቸው።»

«ዝም ብላችሁ?»

«ዝም ብለን።»

«ታዩና?»

«እናይና ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ቀልድ ይኖር እንደሆነ ፊቴን መረመሩት። የለም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባቄላውን ከነሰፌዱ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ጅራፉን ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አውርደው ወደ ማሳው ገሰገሱ። እኛም ከኋላ። መንገዱን ሙሉ አፍሬ ነበር።

የማሳው ዳር ተበልቷል። እሸቱ ተመጥምጦ ራሶቹ ላይ ገለባው ብቻ ነጥቶ ቆሟል። እትዬ አንዱን ራስ በእጃቸው ዳበስ አድርገው ለቀቁት። መሀሉ ገና ደህና ነው፤ ወፉ ግን እዚያም ውስጥ ይንጫጫል።

«ግሪሳ ነው» አሉ።

«የፊላው የቀያይ ወፎቹ ሴቶች ይሆናሉ» አለ ባልደረባዬ። «እነሱም ቡናማ ናቸው፤ ግሪሳን ያህል አያጠፉም።»

«ቡናማው ሁሉ ግሪሳ ነው፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ክርክሩ የወፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። ግሪሳ ከሆነና ብዙ ከሆነ ጅራፍ አይመልሰውም፤ ዛሬውኑ ለግብርና ባለሙያው መነገር አለበት። ጥቂት ከሆነ ወይም ሌላ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላን መጠበቅ ማሳውን ማስበላት ነው። ባልደረባዬ መለያውን ነገረን፤ ግሪሳ ከሆነ ምንቃሩ ቀይ ነው፣ የእነዚያኛዎቹ ሴቶች ግን ፈዘዝ ያለ ነው። ከዚያ መነጽሩን ለእኛ ትቶ አውሮፕላን እንደማይመጣ ለሌሎቹ ባለማሳዎች ሊነግር ቁልቁል ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

እኔና እትዬ ማማው ላይ ወጣን። መጀመሪያ እኔ አየሁ። ተደበላልቀዋል፤ ባለ ፈዛዛ ምንቃሮቹ ይበዛሉ፣ ባለ ቀይ ምንቃሮቹም አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ሰማይ የሚሸፍነው ዓይነት መንጋ አልነበረም።

«እስቲ እርስዎም ይዩዋቸው» ብዬ ማንገቻውን አንገታቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጅራፉን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው መነጽሩን ያዙ። ወፎቹ ትንሽ አንከራተቷቸው፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ረጉ።

«ምንቃሩ ቀይ ነው» አሉ።

«እሱ ግሪሳ ነው። ሌላስ?»

መነጽሩን ቀስ ብለው ወደ ጎን አዞሩ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም፤ ምን ያደርጋል፣ ስንት ናቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ይጣላል ወይ እያልኩ ነዘነዝኳቸው።

«ይህች ደግሞ የእሱ አይደለችም፣ ምንቃሯ ነጣ ያለ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወፏ እንዳትሰማቸው የሚጠነቀቁ ይመስል። «አንገቷ ሥር እንዲህ ቢጫ ቢጫ ይላታል። ፍሬውን አንስታ ታገላብጠዋለች። እዪ፣ ስትውጥ ዓይኗን ትጨፍናለች።»

«ከዚህ በፊት አይተዋቸው አያውቁም?»

«የት አይቼ? ሳባርር እኮ ነው የኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ መነጽሩን ከዓይናቸው አላነሡም። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበር። ጅራፉ ከጉልበታቸው እየተንሸራተተ ሲሄድ አላወቁትም። ከበታቻችን ወፉ እሸቱን እየመጠመጠ ይንጫጫል፤ ማሽላው ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል። ማባረር እንደነበረብን አውቃለሁ። ግን እኔ ራሴ የእሳቸውን ፊት እያየሁ ነበርና እጄን ወደ ቆርቆሮው አልሰደድኩም።

በድንገት መነጽሩን አወለቁና ዘረጉልኝ።

«እንኪ ልጄ፣ ውሰጅልኝ።»

«ምነው፣ አልታይ አለዎት?»

«በደንብ ነው እንጂ የሚታይ። ፊቷን ካየሁ እጄ አይነሣም። እጄ ካልተነሣ ደግሞ ዘንድሮ ምን ልበላ ነው?»

መነጽሩን ተቀበልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከማማው ዳር ቆመው ጅራፉን አዙረው አጮኹት። እኔም ቆርቆሮዎቹ የተንጠለጠሉበትን ገመድ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ እየሳብኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። መንጋው ከማሽላው ውስጥ ግር ብሎ ተነሣና በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ግድቧ ሄደ። መነጽሩ አንገቴ ላይ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማየት ቀና አላልኩም።