የጽጌማርያም እግር

ሀብተሥላሴ ፍሬን በሰው አያሠራም። ሞተሩን ያሠራል፣ ቀለሙን ያስቀባል፣ ወንበሩን ያሰፋል፤ ፍሬን ግን በገዛ እጁ ነው። አንድ ጊዜ መካኒክ ብሎን ሳያጠብቅ ሸኝቶት፣ ከአየር ጤና በታች ያለውን ቁልቁለት ነፍሱን በጥርሱ ይዞ ከወረደ ወዲህ «የምረግጠውን ራሴ ካልሠራሁት አልረግጠውም» ብሎ ማለ። ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው። አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚኒባሷም ከእሱ የተሻለች አይደለችም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰፈሩን ልጆች ከኮልፌ ተነሥቶ ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ያመላልሳል። አሥራ አንድ ናቸው። እናቶቻቸው በር ላይ ቆመው ቦርሳና ልጅ ያስረክቡታል፤ አንዷም ስለ ፍሬን ጠይቃው አታውቅም። ሳይጠየቁ መታመን ከምንም በላይ ያደክማል፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት ልጆቹን አድርሶ ሲመለስ ከፊት በግራ ጎማ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ አየ። ዘይቱን ወደ ፍሬኑ የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቋል። ቅዳሜ በጠዋት ደጁ ላይ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ፤ ቱቦውን ቀየረ፤ የፍሬኑን ሸራም አብሮ አደሰ። የቀረው ቱቦው ሲፈታ ወደ ዘይቱ መስመር የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ነበር። አየር የገባበት ፍሬን ሲረግጡት ልስልስ ብሎ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ወንበር ላይ ሆኖ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጥና አጥብቆ ይይዛል። ሌላው ጎማው ጋ ተንበርክኮ ትንሿን ብሎን ሲፈታት ዘይቱ አየሩን ይዞ ፊጭ ይላል። ብሎኗ ተመልሳ እስክትጠብቅ ታዲያ የረገጠው እግር ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ከተነሣ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡለት ጎረቤቱ ጋሽ ገሜዳ ነበሩ። እሳቸው ነሐሴ ላይ ዐረፉ። አሁን የተቀመጠችው ሚስቱ ጽጌማርያም ናት፤ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂ!»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይህንኑ ሲባባሉ ዋሉ። የፍሬን ዘይቱ አለቀ፤ ሌላ ተገዛ። ፔዳሉ አንዴ ጠንከር ይልና ተስፋ ይሰጣል፣ ከዚያ እንደገና ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ሀብተሥላሴ ወገቡ ተቆረጠ። ቱቦውን አየ፣ ብሎኗን አየ፤ የሚያፈስ ነገር የለም። «የፍሬኑ ፓምፕ ነው» አለ በመጨረሻ። እውነቱን ለመናገር ግን የጠረጠረው ፓምፑን አልነበረም፤ እጁን ነው። እስኪመሽ ካልጠነከረ ለእናቶቹ መደወልና «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መኪና ፈልጉ» ማለት አለበት። በስድሳ ሦስት ዓመቱ አንድ ሰኞ ቤት የዋለ ሹፌር ደግሞ ሁለተኛ አይወጣም። ሐሳቡ አስፈራው። ጥቂት አሳረፈውም፤ ይህኛውን ከራሱም ደበቀው።

ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ብሎኗን ሲፈታት ዘይቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እየተራገመ ቀና ብሎ በእጅጌው ሲጠርግ፣ በተከፈተው በር በኩል የጽጌማርያም እግር ፊት ለፊቱ ነበር። በዚያው ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ «እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። ጽጌማርያም መሪውን ተደግፋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር።»

እግሯም አብሯት ብድግ አለ።

«ጽጌ! እግርሽን አነሣሽ እኮ!»

«መቼ?»

«አሁን! ለሰውዬው ስትነሺ!»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲያልፍ ተጎልቼ ልቅር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ለስንት ሰው ተነሣሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ላለፈው ሁሉ ነዋ።»

ቅዳሜ ነው፤ የኮልፌ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣና ሲገባ በዚህች መንገድ ነው የሚያልፈው። «ኖር» ስትል ሲሰማ ውሏል፤ ጎማው ጋ አጎንብሶ ግን እግሯን አላየም። ሀብተሥላሴ ለመቆጣትም አቅም አልነበረውም። ጋሽ ገሜዳ የሰፈሩ ታላቅ ነበሩ፤ ሰው ለእሳቸው ይነሣል እንጂ እሳቸው ለማንም አይነሡም። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጁ ሲኮራ ኖሯል፤ ለካ ፍሬኑን ያጠነክር የነበረው የጋሽ ገሜዳ ሽበት ነው!

«በሩን ዝጊውና እንሥራ።»

«ይብሳል። አይታ ዘጋችብን ይሉኛል።»

«እንግዲያው አትነሺ።»

እግሯን ፔዳሉ ላይ መለሰች። እንደገና ጀመሩ። ርገጪ፣ ያዢ። ብሎኗን ገና እንደፈታት የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። እትዬ ዋጋነሽ ናቸው፤ ከጋሽ ገሜዳ ወዲህ በሰፈሩ የሳቸው ታላቅ የለም፤ ሰላምታ በነፈጋቸው ሰው ላይም ዓመት ሙሉ ቂም ይዘው የሚቆዩ ሴት ናቸው።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» አለች ጽጌማርያም፣ እንደተቀመጠች።

ምርኩዙ ቆመ። «አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ፤ እግሬ ሥር የሰው ልጆች አሉ። አሥራ አንድ ናቸው።»

ሀብተሥላሴ ቀና አለ። ላብ ግንባሯ ላይ ቸፍ ብሏል፤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን አልተነሣም። ቶሎ ብሎ ብሎኗን አጠበቀ። እትዬ ዋጋነሽ ያንን እግር አዩ፣ የተፈታውን ጎማ አዩ፤ ስለ ፍሬን ምን እንደገባቸው እንጃ። ከመኪናዋ አለፍ ብለው መንገዱ መሀል ቆሙና ለመጣው ሁሉ ምርኩዛቸውን ያወዛውዙ ጀመር።

«በዚያ በኩል እለፉ! ሰላምታውን ለኔ ስጡኝ፤ እሷ ሥራ ላይ ናት!»

ባልና ሚስቱ መርገጡንና መፍታቱን ስድስት ጊዜ ደገሙት። መጨረሻ ላይ ዘይቱ ያለ አንድ አረፋ ጥርት ብሎ ወጣ። ጽጌማርያም እያነከሰች ወርዳ ወደ ቤት ስትገባ ሀብተሥላሴ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ረገጠ። ፔዳሉ ጥቂት ወረደና ቀጥ አለ። እንደገና ረገጠ። ድንጋይ ነው።

ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ድካሙ መጣበት፤ እንግዲህ ነገ ባዶዋን ይሞክራታል፣ ሰኞ ይነዳል፣ ማክሰኞም ይነዳል። ፍሬኑ እንቢ እንዲለው ትንሽ ተመኝቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባውና አፈረ። ጎማውን መልሶ አሥሮ ክሪኩን አወረደና ደጃፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ዋጋነሽ ሄደዋል፤ መንገዱም ጭር ብሏል።

ጽጌማርያም መታጠቢያ ውኃ በጆግ ይዛ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጣች። ሀብተሥላሴ መሬቱን ተደግፎ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ኖር» አላት።

«ቁጭ በል አንተ፣ ምን ነካህ?»

«ኖር አልኩሽ እኮ።»

ጽጌማርያም ግራ ቀኙን አየች፤ ከእሷ ሌላ የሚያልፍ ሰው የለም።

«በእግዜር» አለችና ውኃውን እጁ ላይ ታፈስለት ጀመር።