ቢዱዋያ ባሏን በቁሙ ስትቀብር

የወንድሜ ሚስት ቢዱዋያ ዛሬም በሕይወት አለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ካሳቫ ስትልጥ ያያት እንግዳ፣ ይህች ሴት እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች ይላል። ሰው ያየውን ያወራል። እኔ ግን የባሏ እህት ነኝ፤ ነገሩን ስጠየቅ ስመልስ ስለኖርኩ ሰልችቶኛል። ዛሬ አንዴ ልናገረውና ልገላገል።

ታላቅ ወንድሜ ካዛዲ የቡላ ማታሪ ወታደር ነበር። አገራችንን የሚገዛውን የቤልጂጎቹን መንግሥት እንዲያ ነው የምንለው፤ ድንጋይ ሰባሪ ማለት ነው። ድንጋዩን የሰበሩት የእኛ ሰዎች መሆናቸውን ግን ስሙ አይናገርም። ካዛዲ ሉሉዋቡርግ ጦር ሰፈር ውስጥ ከቢዱዋያ ጋር አንዲት የሣር ጎጆ ተሰጥቶት ይኖር ነበር። ከዚያ በፊት አቢሲኒያ የሚባል ሩቅ አገር ዘምቶ፣ ሳዮ የሚሏት ተራራማ ከተማ ላይ ጣሊያኖች እጃቸውን ሲሰጡ ቆሞ አይቷል። ብዙ ጓደኞቹ በተቅማጥ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ተርፎ ሲመለስ የጠበቀው ያው የጉማሬ አለንጋ ነው። ነጭን የማረከ ሰው የልብስህ ቁልፍ ጎደለ ተብሎ በደረቱ ተኝቶ ይገረፋል እንዴ እያለ ይብሰለሰል ነበር።

ያን ሰሞን ሐኪሞች ወታደሩን በሙሉ መርፌ ሊወጉ መጡ። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ፣ መርፌው መብቱን የጠየቀውን ሁሉ ቀስ አድርጎ የሚገድል መርዝ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ዘመኑን ሙሉ አለንጋ ይዞ የኖረ ሰው አንድ ቀን መርፌ ይዞ መጥቶ "ለጤናህ ነው" ቢላቸው እነሱስ ያምኑት ነበር?

መርፌው በሚወጋበት ቀን ጠዋት ቢዱዋያ ባሏን ለመነችው።

"አትወጋ! ማን ያስገድድሃል?"

"አንቺ ደግሞ፣ ማሙ እመቤቴ! ሰልፍ መሃል ቆሜ 'ሚስቴ ከልክላኛለች' ልበላቸው?"

"በላቸው! ሞትን ከመፍራት ሚስትን መፍራት ይሻላል።"

"እሱማ አቢሲኒያ ድረስ የሸሸሁት አንቺን ፈርቼ አይደል!" ብሎ እየሳቀ ወጣ።

በዚያው ቀን ወታደሮቹ አንወጋም ብለው የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ሰብረው ጠመንጃ አነሱ። መኮንኖቹ ሸሹ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሰውም ሞተ። ከተማው ለጥቂት ጊዜ የእነሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ግን ከመሃላቸው አልተገኘም። አንዱ ሌሎቹን ጦር ሰፈሮች ለዓመፅ እናስነሳ ሲል፣ ሌላው መጀመሪያ ሚስቴን አገር ቤት ላድርስ አለ። ሌላ ጦር ሲመጣባቸው ተበተኑ። የተያዘው ተያዘ፣ የተገደለው ተገደለ። ካዛዲ ቢዱዋያን እኛ ዘንድ አድርሶ መንደራችን ዳር ካለው ጫካ ገባ።

ብዙም አልቆየ፣ ፈላጊዎቹ መጡ። ወታደሮቹ እንደኛው ጥቁር ናቸው፤ ቋንቋችንን ግን አያውቁም። ሽማግሌዎቻችንን ፀሐይ ላይ አስረው አዋሉና፣ ስንመለስ ካዛዲን ካልሰጣችሁን መንደሩን እናቃጥላለን ብለው ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸው አብጦ ተሰበሰቡ። ታናሽ ወንድማችን ሉቦያ ነገር የማያልቅበት ሰው ነው።

"የሞተ ሰው አይታደንም" አለ። "ታሞ መጥቶ ሞተ እንበልና እንቅበረው።"

"ሬሳ ከየት ይምጣ?" አሉት።

"የሙዝ ግንድ ምን ሆነና?"

በእኛ ዘንድ፣ ወንዝ ለወሰደው ወይም ሩቅ አገር ለቀረ ሰው የሙዝ ግንድ በጨርቅ ጠቅልለን በእሱ ፈንታ እንቀብራለን። ግንዱ አፈር ከገባ ሰውየው ሞቷል፣ ወደ አባቶቹ ሄዷል፣ አበቃ። ይህን ወግ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ያደረገ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም። አጎታችን ንካሻማ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

"ለቡላ ማታሪ እንዋሽ ካላችሁ እሺ፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ስዋሸው ነው የኖርኩት። መሬቷን ግን እንዴት አድርገህ ነው የምታታልላት? በሕይወት ያለ ሰው ቀብረህ ነገ 'ቀልዴን ነው' ልትላት ነው?"

"ታቱ፣ አባቴ፣ ይሄ እኮ ለነጮቹ ነው። አባቶቻችን እውነቱን ያውቃሉ።"

"ማን ነገራቸው?"

  ሽማግሌዎቹ ግን መንደር ከሚቃጠል ብለው ተስማሙ።

ቢዱዋያ ወደ ሴቶቹ መጥታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እሱ ሲመለስ እኔ የማን ነኝ?" ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ሐዘኗ ሲያልቅ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ሚስቱ አድርጎ ይወስዳታል። ዋርሳዋ ከወሰዳት በኋላ ሟቹ ቢመለስ እንኳ ከእሱ ጋር አንድ ምንጣፍ አትጋራም፣ እሱም ከእጇ አይቀበልም፤ ከተጋሩ ሞቱ እውነት ይሆናል። አንወስድሽም እንዳንላት ደግሞ፣ ሳትወሰድ የቀረች መበለት ወሬ ትሆናለች፤ ወሬው ከጆሮ ጠቢ ዘንድ ይደርሳል። እናታችን እጇን ይዛ፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ ይኑር" አለቻት። ቢዱዋያም ምላጩን ራሷ አመጣች።

በቀብሩ ቀን የፈላጊዎቹ አለቃ፣ ነጩ መኮንን፣ ራሱ መጣ። ጥቅሉን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እኛን ሁላችንን አየ። ፍቱት ቢል ኖሮ አልቆልን ነበር። አላለም፤ አመድ ተነስንሳ የተቀመጠችው ቢዱዋያ ፊት ቆሞ አፈጠጠባት። ከዚያ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው።

"ይቺ ሴት ከልቧ ነው የምታለቅሰው ወይ ይላል" አለ አስተርጓሚው።

ቢዱዋያ ጥቅሉ ላይ ወደቀች። የጮኸችው ጩኸት ከሰው ሆድ የሚወጣ አይደለም። በጎጆዋቸው ብቻ የምትጠራውን ስሙን እየጠራች አፈሩን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ አራት ሴቶች ሆነን ማንሳት አቃተን። እውነቱን የማውቀው እህቱ እንኳ፣ ካዛዲ ጫካው ውስጥ በርግጥ ሞቶ ይሆን አልኩ። መኮንኑ ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመና ሄደ። ከዚያ ወዲያ የፈለገን የለም።

ካዛዲ ድንበር ተሻግሮ ፖርቱጋሎቹ የሚገዙት አገር ገባ። የሐዘኑ ጊዜ ሲያልቅ ሉቦያ ቢዱዋያን ወሰዳት። ክፉ አልነበረም፤ አልመታትም፣ አላስራባትም። ልጆችም ወለደችለት። መቃብሩን ስታርም ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ሰው ሁሉ ያርማል ብዬ አልፌያት እሄድ ነበር።

ዓመታት አለፉ፣ የፈላጊዎቹ ነገር ተረሳ፣ ካዛዲም በጠራራ ፀሐይ ተመለሰ። እኛ ሴቶቹ ካሳቫ ከምንዘፈዝፍበት ወንዝ ማዶ ቆሞ እጁን አነሣልን። እናታችን የወለደችውን ልጅ አይታ ቅርጫቷን ጥላ ሸሸች። ለነጮቹ ብቻ ነው ያልነውን ለካ እኛም አምነነው ኖሯል። ንካሻማ በሕይወት ቢኖሩ ስቀውብን ይሞቱ ነበር። አብሮት የሚበላ ጠፋ፤ ልጆች ሲያዩት ይጮኻሉ። ሉቦያ እያለቀሰ፣ "ሚስትህ ናት፣ ውሰዳት" አለው። ሽማግሌዎቹ ግን እምቢ አሉ። ሳዮ ላይ ነጭ የማረከው ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ።

ቢዱዋያ የካሳቫ ገንፎና ቅጠል ወጥ ትወስድለት ጀመር። ከእጇ አይቀበላትም፤ ሳህኑን ጉቶ ላይ አስቀምጣ ፈንጠር ብላ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ።

"ስትቀብሩኝ ጫካው ውስጥ ሆኜ ድምፅሽን ሰማሁት" አላት እየበላ።

"ሰማኸው?"

"ሰማሁት እንጂ። አለመሞቴን እያወቅሽ እንዴት እንደዚያ አለቀስሽ?"

ቢዱዋያ መለሰች። "ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የውሸት ካለቀስኩ ትገደላለህ። ስለዚህ ሞቷል አልኩት ለልቤ። መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ለመንኩት፣ ለመንኩት፣ እሺ አለ።"

"አሁን ንገሪዋ ለልብሽ! ይኸው ቁጭ ብዬ እየበላሁ።"

"ስንቴ ነገርኩት መሰለህ። አልመለስ አለኝ። ሳይህ የማውቀው ሰው ወንድም ትመስለኛለህ። ደክሞኛል ካዛዲ።"

ካዛዲ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። "እኔ ደግሞ ወጉን ፈርተሽ ነው ብዬ ነበር" አላት።

"ወጉንማ ቢሆን ጥሼው እመጣልህ ነበር።"

ካዛዲ ምግቡን ጨረሰ። ሳህኑን ወንዙ ውስጥ አጥቦ ጉቶው ላይ አስቀመጠላት፤ እሷም አነሣችው። እኔ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። እሷ አላለቀሰችም።