ስም የጎደለው ኹጥባ

ሸህ አብዱልወሀብ ኮምቦልቻ ላይ ሠላሳ ዓመት የጁምዓውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ አድርገዋል። በወጣትነታቸው በታጁራ በኩል መካ ወርደው ሲማሩ፣ ኢማሙ መስበኪያው ሚንበር ላይ ወጥቶ እስታንቡል ላለው የሙስሊሞች መሪ፣ ለኸሊፋው፣ ዱዓ ሲያደርግ ሰምተው ነበርና፣ ተመልሰው እንደዚያው አደረጉ። ሰውዬውን አይተውት አያውቁም። ስሙን በጠሩ ቁጥር ግን የኮምቦልቻ ገበሬና የመካው ሰው ባንድ የስግደት ረድፍ፣ ባንድ ሶፍ፣ የቆሙ ይመስላቸው ነበር።

በ1916 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ከጅቡቲ መርዶ ይዞ መጣ። ቱርኮች ኸሊፋነትን ሽረው የመጨረሻውን ሰው ካገር አስወጥተውታል። ሸሁ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

ተማሪዎቻቸው፣ ደረሶቹ፣ "ታዲያ የማንን ስም እንጥራ?" አሏቸው።

"ኸሊፋ ማለት ምትክ ማለት ነው። ነቢዩ ሲሞቱ አቡበከር ተተኩ፤ 'ብሳሳት አቅኑኝ' አሉ ለሰዉ። ኋላ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ንግሥና ሆነ፤ ቢሆንም ስሙ አሰባስቦን ኖረ። አሁን እሱም የለ። ዱዓውን ለሙስሊሙ ሁሉ አድርጉት።"

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ደሴ ያለ አንድ የጣልያን ሹም ሸሁን አስጠራቸው።

"መስጊድዎን ቆርቆሮ እናለብሳለን። እርስዎ ደግሞ በኹጥባው ለንጉሣችን ዱዓ ያደርጋሉ" አለ በአስተርጓሚው በእንየው አፍ።

"ንጉሡ ቢሳሳት ማን ያቀናዋል?" አሉ ሸሁ።

እንየው ደነገጠ። "ሸህ፣ ይኸንን አልነግረውም፤ ይገድሉዎታል።"

"እንግዲያው እንቢ ብሏል በልልኝ።"

ከሚንበሩ አወረዷቸው። በቦታቸው የተሾመው ሰይድ ነበር፤ ራሳቸው ቁርኣን ያስተማሩት ደረሳቸው፣ የልጃቸው የከሪማ ባል። "እንቢ ካልክ ትታሰራለህ" ብለውታል፤ ከሪማ ደግሞ እርጉዝ ናት። በተከታዩ ጁምዓ ሰይድ የባዕዱን ንጉሥ ስም ሲጠራ ድምፁ ተቆራረጠ። በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። ሰዉ "አሚን" አለ። የሸሁ እንባ በጺማቸው ላይ ወረደ።

ሰላቱ ሲያበቃ ሰይድ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ።"

"አውፍ ብያለሁ ልጄ። ካንተ ኋላ መስገድ ግን አልችልም።"

በሳምንቱ ሸሁ ጓዛቸውን ይዘው ቆላ፣ ሐርቡ ወረዱ። በ1932 ክረምት ወባ ጣላቸው፤ ከሪማ ልጇን አዝላ ልታስታምም ሄደች። ሰይድ ሲደርስ ተቀብረው አገኘ።

"ሲያጣጥሩ አንተን ይጠሩ ነበር" አለችው ከሪማ።

ሰይድ እርጥቡ አፈር አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ያስተማሩትን ያሲን፣ ለሙታን የሚነበበውን የቁርኣን ምዕራፍ፣ ቀራላቸው።