ዮአዳን ጥይት ስትመርጥ

ዶክተር ዮአዳን የጥርስ ሐኪም ናት፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ክሊኒክ ከከፈተች ዓመታት አልፈዋል። ወደ አደን ያስገባቻት አብራት የምትሠራው ሊንዲዌ ናት። ሊንዲዌ አንድ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይዛት ሄደች፤ ዮአዳን ራሷ ሳታስበው እጇ የማይንቀጠቀጥ ተኳሽ ሆና ተገኘች። ፈተናውን አለፈች፣ የፖሊስ ፈቃዱም ከብዙ መጠበቅ በኋላ ደረሰላት፣ ጠመንጃ ገዛች። ግራ ያጋባት ጥይቱ ነው።

ሱቅ ሄዳ ፈቃዷን አሳየችና ሻጩን፣ “በየሳምንቱ የምለማመድበት፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ኢምፓላ የማድንበት፣ ዋጋው የማይጎዳኝ ጥይት ስጠኝ” አለችው። ኢምፓላ ሚዳቋ መሰል የዱር እንስሳ ነው።

ሻጩ ሦስት ፓኮ ደረደረላት። ሁሉም ለጠመንጃዋ ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ተወንጭፎ የሚወጣው እርሳሱ ሙሉ በሙሉ መዳብ የለበሰ ስለሆነ ግን ለልምምድ እንጂ ለአደን አይሆንም፤ እንስሳውን በስቶ ያልፍና አቁስሎ ይሰደዋል። ሁለተኛው እዚሁ አገር የተሠራ፣ ጫፉ ለስላሳ፣ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ ስለመጣ ግን በጣም ውድ ነው።

“ከሁለቱ ታዲያ የቱ ይሻላል?”

“እሱን ጠመንጃሽ ነው የሚነግርሽ።”

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሻጩ አልሳቀም። ከሦስቱም አንዳንድ ፓኮ ገዛች።

ሜዳው ላይ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፋ ሞከረቻቸው። ውዱ ጥይት ኢላማው ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ተበተነ። ያገር ውስጡ ግን ቀዳዳዎቹ በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ ሆኑ። ደስ ብሏት ከሌላ ሱቅ ያንኑ ስም ያለበትን ፓኮ ጨመረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትተኩስ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ታች ሄደ።

ለባሏ ለሕዝቅኤል ነገረችው። ሕዝቅኤል ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ስለ ጠመንጃ የሚያውቀው ነገር የለም።

“ዓይንሽን ታይተሻል?” አላት።

ታየች። ዓይኗ ደህና ነው።

ኋላ ፓኮዎቹን ጎን ለጎን ስታስተያይ በደቃቅ የተጻፈ ቁጥር አየች፤ የእርሳሱ ክብደት ነው። በደንብ የመታው መቶ ሃምሳ፣ ኋላ የጨመረችው መቶ ሰማንያ ይላል። በቃ አገኘሁት ብላ መቶ ሃምሳውን ገዛች። ተሻለ፤ ግን እንደ መጀመሪያው ፓኮ አልሆነም። የሜዳው ተቆጣጣሪ ያኮ “በርሜሉ ቆሽሾ ይሆናል” አላት። ወለወለችው፣ ባሰበት። ሊንዲዌ ደግሞ “ፋብሪካው በየጊዜው የሚያወጣው አንድ ዓይነት አይደለም” አለቻት።

“ሁላችሁም የምትሉት እውነት ይመስለኛል” አለች ዮአዳን። “ማንን ልመን?”

በመጨረሻ የሊንዲዌን ምክር ያዘች። በአንድ ጊዜ የተመረቱ መሆናቸውን ከፓኮው ላይ አይታ፣ በአንድ ኢላማ ሞክራ፣ ደህና የመታውን ሕጉ የሚፈቅድላትን ያህል ገዛች። ለልምምድ ርካሹን ያዘች። ለምን እንደሠራላት ግን አሁንም አልገባትም።

ሐምሌ ላይ ከሊንዲዌ ጋር ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ የዱር እንስሳት ለአደን ወደሚረቡበት አንድ እርሻ ሄዱ። ዱካ የሚከተለው የእርሻው ሰው ኢምፓላውን አሳያት። ተኮሰች። ኢምፓላው ዘለለና ቁጥቋጦ ውስጥ ጠፋ። ዮአዳን ሳትኩ ብላ ቆማ ቀረች፤ ጥይቱ ይሁን፣ ነፋሱ ይሁን፣ እሷ ትሁን መለየት አቃታት። ሰውዬው ደም አይቶ ወደ ውስጥ ገባና ጠራት። ኢምፓላው እሾህ ሥር ሞቶ ተኝቷል።

“ልቡን ነው ያገኘሽው” አላት።

“ታዲያ ለምን ሮጠ?”

“አንዳንዱ ይሮጣል።”

ለሕዝቅኤል ደወለችለት።

“አረድሽው?” አላት።

“ስንደርስ ሞቷል።”

“ስትተኩሺ በስመ አብ ብለሻል?” ሲል ጠየቃት።

ለማስታወስ ሞከረች። ትንፋሿን መያዟ፣ ቃታው በጣቷ ሥር ቀስ ብሎ መሄዱ ትዝ ይላታል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

“አላውቅም፣ ሕዝቄ።”

“እሺ። በደህና ግቢ።”

ሥጋውን ቋንጣ አደረገችው። ሕዝቅኤል መጀመሪያ አልነካውም። አንድ ጠዋት ቋንጣ ፍርፍሩን ብቻዋን ስትበላ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠና እጁን ሰደደ። ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋችለት።