እናቴ የገላገለችው ቦክስ

ዛሬ እናቴ በቦክስ ግጥሚያ መሐል ከወንበሯ ተነስታ «በመድኃኔዓለም ብያችኋለሁ፣ ተዉ» አለች።

ታናሽ እህቴ ቤዛ እስካሁን አራት ጊዜ ተጋጥማ አራቱንም ተሸንፋለች። አሰልጣኟ ዛሬም ከተሸነፍሽ ጓንቱን ትመልሻለሽ ስላላት ቤተሰቡ በሙሉ ከቀራንዮ ተነስተን ልንደግፋት ሄድን።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ላይ እናት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። የእኛዋ ግን የሰፈሩ ገላጋይ ናት፤ ሰው ሲደባደብ እያየች መቀመጥ አይሆንላትም።

የቤዛ ተጋጣሚ ጨዋ ልጅ ናት። የመድኃኔዓለምን ስም ስትሰማ እጇን አውርዳ ወደ እናቴ ዞረች።

ቤዛን ግን እናቴ ሰሃን ለማሳጠብም በመድኃኔዓለም ስለምትላት ጆሮዋ ለምዶታል። በቀኝ እጇ ቡጢ አሳረፈችባት። ልጅቷ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ ዳኛውም አስር ድረስ ቆጠረ።

አሰልጣኟ እየሮጠ መጥቶ «ማዘር፣ ለሚቀጥለውም ይመጣሉ አይደል?» አላት።

እናቴ አልሰማችውም። የተሸነፈችውን ልጅ አቅፋ «ይቅር በያት የኔ ልጅ፣ አሳዳጊ የበደላት ናት» ትላለች። አሳዳጊዋ ራሷ መሆኗን ለማስታወስ የደፈረ የለም።

ልጅቷን ይዘናት ቤት መጣን። ለቤዛ ማጽናኛ ተብሎ የተሠራውን ዶሮ በላን፤ ፈረሰኛው ለእንግዳዋ ደረሰ።

አሁን ይህን ስጽፍ ሻምፒዮኗ ሰሃን እያጠበች ነው። ዛሬ ገና አንዴ ሲነገራት ተነሳች።

እናንተም በእናታችሁ ያሸነፋችሁት ነገር ካለ ጻፉልኝ፣ ብቻችንን አንፈር።