ከቀዩ በርሜል ወዲያ

ካፒቴኑን የወደቡ ሰው ሁሉ «ፈሪው» ነበር የሚለው። እውነትም ፈሪ ነው፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ያሰረውን ገመድ ተመልሶ ይፈትሻል፣ ሰማዩ ከከበደ ከወደብ ንቅንቅ አይልም። ግን አንድ ሰው እንኳ ውሃ በልቶበት አያውቅም። ጀልባው ላይ ትኬት የምትቆርጠው ልጁ ሲቀልዱበት ስትሰማ፣ «ፈሪ ለእናቱ ትላላችሁ፤ የኔ ፈሪ ለልጁ ነው!» ትላቸው ነበር። መንገደኞቹን የሕይወት አድን ጃኬት አልብሳ ስታበቃ የራሷን መንጠቆው ላይ ትተወዋለች። «አባዬ እያለ ምን ያደርግልኛል?»

በኋላ ስምምነቱ መጣ። ሐይቁን የሚጋሩት ሁለቱ አገሮች ቱሪስቱን በአንድ ጀልባ ሊያሻግሩ ተስማሙ፤ እሰየው። ሁለት ካፒቴን አብሮ ይሳፈራል። ሐይቁ መሃል ተንሳፎ ድንበሩን እስከሚያመለክተው ቀይ በርሜል የእኛው ይነዳል፤ ከበርሜሉ ወዲያ የማዶው ይረከባል። ሲመለሱም እንዲሁ ነው። በሌላው ውሃ ላይ መሪ መንካት ነውር ሆነ። የማዶው ካፒቴን ደግሞ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ግን ፈሪው ካወቀ ሰንብቷል። ለማን ይናገር? ትልቅ ሰው አሳጣ እንዳይባል ፈራ። ወይ ጉድ፣ ውሃ የሚፈራ ሰው ይሉኝታን ባሰ ፈራ!

አንድ ቀን በርሜሉን እንዳለፉ ጉም ወረደባቸው። ሽማግሌው መሪውን ይዘዋል። ድንጋይ መኖሩን የሚያመለክተው ምሰሶ ከጉሙ ውስጥ ልክ ፊት ለፊታቸው ብቅ አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው ይነዳሉ። ፈሪው ግን አየው። ይባስ ብሎ ልጁ ሻይ ይዛላቸው ወደ መሪው ክፍል ገባች። አፉን ከፈተ። ከዚያ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጉንፋን ነው? ይማርህ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

ጀልባው ከሥሩ ተንቋቋ። ሻዩ ተደፋ፣ ከኋላ ጩኸት ሆነ። ፈጣሪ ሲያተርፍ ድንጋዩ ጎኑን ልጦት ብቻ አለፈ።

ማዶ ደርሰው መንገደኛው ሲወርድ ልጁ ቀረበችው።

«አባዬ፣ ምሰሶውን አይተኸው ነበር?»

ለእሷ ዋሽቶ አያውቅም። «አይቼው ነበር» አላት።

«እኔ እዚያው ቆሜ?»

ፈሪው ወደ ሽማግሌው ሄደና፣ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዓይንዎ አያይም። ስንመለስ እኔ ልያዘው» አላቸው።

ሽማግሌው እንደ መቀመጥ አሉ። «ተመስገን! ራሴ እንዳልናገር አፍሬ፣ ይህን የሚለኝ ሰው ስጠብቅ አይደል እንዴ የከረምኩት?»

በመልሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሱ ነዳ፤ ጉሙም ገፎ ነበር። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሲያይ ልጁ መንገደኞቹን ጃኬት አልብሳ ጨርሳለች። ከዚያ የራሷን ከመንጠቆው አወረደች፤ ለበሰችና እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው።